ኦርጋኒኩ ነው ኖርማሉ ቶሎ የሚሻግተው? ቤት ውስጥ በትክክል የምትሞክሩበት መንገድ

ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው የሚመልሰው በአንድ ዳቦ ነው። ኦርጋኒክ (ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ከተመረተ እህል የተሠራ) ዳቦ ይገዛል፣ በአራተኛው ቀን አረንጓዴ ነጥብ ያያል፣ ኖርማሉ ግን ሳምንት አልፎትም ንክች አላለም፣ ከዛ ወይ «አያችሁ ኬሚካል ስለሌለበት ነው» ይላል ወይ ደግሞ «ኦርጋኒክ ማለት ብር ማባከን ነው» ይላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ ግን ከአንድ ዳቦ አንዱንም ማወቅ አይቻልም።

እኔም መጀመሪያ ስሞክረው እንደዛው ነው ያደረግኩት። ከሁለቱም አንድ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ውስጥ ከትቼ መስኮት ጋ አስቀመጥኩ፣ ኦርጋኒኩ የደረሰው ፀሐይ የሚመታው ጫፍ ላይ ነበር፣ ላስቲኩ ውስጡ አላበውና በሦስተኛው ቀን ሻገተ፣ እኔም ፎቶ አንስቼ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አሳየሁ። በኋላ ረጋ ብዬ ሳየው የሞከርኩት ፀሐይን ነው እንጂ ኦርጋኒክነትን አይደለም። በዛ ላይ አንዱ ዳቦ ከሌላው ሁለት ቀን ቀድሞ የተጋገረ ነበር፣ የኖርማሉ ጀርባ ላይ ደግሞ ካልሲየም ፕሮፒዮኔት የሚባል ሻጋታ የሚያዘገይ ማቆያ ተጽፏል፣ ይሄን ሁሉ ያየሁት ፎቶውን ካሳየሁ በኋላ ነው። ከዛ በኋላ የያዝኩትን አሠራር ነው እዚ የምጽፈው።

በመጀመሪያ ስለ ሻጋታ ትንሽ ነገር፣ ምክንያቱም ይሄን ካላወቃችሁ ደረጃዎቹ ለምን እንደዛ እንደሆኑ አይገባችሁም። ሻጋታ ፈንገስ ነው፣ የሚባዛው ስፖር በሚባል በዓይን በማይታይ ዘር ነው፣ ስፖሩ አየር ላይ ሁሌም አለ፣ የእናንተ ቤት ንፁህ ስለሆነ አይቀርም። ዳቦ ላይ የሚመጣው ሻጋታ ደግሞ በአብዛኛው ከዱቄቱ አይደለም። ዳቦ ሲበስል ውስጡ ወደ 95 ዲግሪ አካባቢና ከዛ በላይ ስለሚደርስ የሻጋታ ስፖር እዛው ይሞታል፣ አዲሱ ስፖር የሚያርፍበት ከምድጃ ከወጣ በኋላ ነው፣ ሲቀዘቅዝ፣ ሲቆረጥ፣ ሲታሸግ። ስለዚ ሁለት ዳቦ ስታወዳድሩ ሳታውቁት የሁለት መጋገሪያ ቤት ቢላ እያወዳደራችሁ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ውሃ ነው። «የውሃ አክቲቪቲ» የሚባል ከ0 እስከ 1 የሚሄድ ቁጥር አለ፣ ምግቡ ውስጥ ካለው ውሃ ሻጋታ ሊጠቀምበት የሚችለው ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። ዳቦ 0.95 አካባቢ ነው፣ አብዛኛው ሻጋታ ከ0.80 በታች ማደግ ያቅተዋል፣ ማር 0.6 አካባቢ ስለሆነ ኦርጋኒክ ሆነ አልሆነ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስለዚ በማር፣ በብስኩት ወይም በደረቅ ፓስታ ይሄን ሙከራ ብትጀምሩ ወራት ቁጭ ብላችሁ ምንም አታዩም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማን መሥራት የለበትም

አስም፣ የሻጋታ አለርጂ ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይሄን አትሞክሩት፣ በቃ። ሌላው ሰው ደግሞ አንድ ሕግ ብቻ ይያዝ፦ ላስቲኩ አንዴ ከተዘጋ ዳግም አይከፈትም፣ ለማሽተትም ቢሆን፣ ለፎቶም ቢሆን። ኦቾሎኒና በቆሎ ለዚህ ሙከራ አትጠቀሙ፣ አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባለው ሻጋታ እነዚ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። የታወቀው በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች በተበከለ የኦቾሎኒ መኖ ካለቁ በኋላ ነው፣ በማብሰልም ተማምናችሁ የምታስወግዱት መርዝ አይደለም።

የሚያስፈልጋችሁ፦ ዚፕ ያለው ላስቲክ 22 አካባቢ፣ ማርከር፣ ማስመሪያ፣ ቴርሞሜትር፣ ስለታም ቢላ፣ 70 ፐርሰንት አልኮል፣ ጓንት፣ ማስክ፣ የሚያሳይ ፕላስቲክ (ላዩ ላይ በ1 ሴንቲሜትር ካሬ ካሬ የምታሰምሩበት)፣ ትሪ፣ የካርቶን ሳጥን፣ ስልክ። የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ አሪፍ ነው፣ ከሌላችሁም ችግር የለውም።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ለሁለት ክፈሉት

እዚ ጋ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ስለዚ ትንሽ ልቆይበት። «ኦርጋኒክ ቶሎ ይሻግታል ወይ» የሚለው ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ። አንደኛው «ከመደብር የምገዛው ኦርጋኒክ ምርት ከኖርማሉ ቶሎ ይሻግታል ወይ» ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ «እህሉ ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ መመረቱ ራሱ ምግቡ ላይ ሻጋታ ያፋጥናል ወይ» ነው። ለመጀመሪያው ሁለት ዳቦ መግዛት ይበቃል። ለሁለተኛው ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም ዳቦዎቹ የሚለያዩት በእርሻው ብቻ አይደለም፣ በማቆያ ኬሚካሉም፣ በስኳሩም፣ በቅባቱም፣ በእርሾውም፣ በተጋገሩበት ቀንም ነው።

የንጥረ ነገር ዝርዝሩን አንብቡ። ካልሲየም ፕሮፒዮኔት (ኢ 282) ወይም ፖታሲየም ሶርቤት (ኢ 202) ካያችሁ እነዚ በቀጥታ ሻጋታን ለማዘግየት የገቡ ናቸው። ፕሮፒዮኔት ዳቦ ውስጥ የተወደደው ሻጋታውን እየያዘ እርሾውን ብዙ ስለማይነካው ነው። በአሜሪካም በአውሮፓ ኅብረትም የኦርጋኒክ ሕግ እነዚን ዳቦ ውስጥ አይፈቅድም። ግን እዚም ጋ ተጠንቀቁ፣ አንዳንድ ኦርጋኒክ ዳቦ ላይ ኮምጣጤ ወይም የተብላላ የስንዴ ዱቄት ተብሎ ይጻፋል፣ የተብላላው ዱቄት ውስጥ ባክቴሪያ የሠራው ፕሮፒዮኒክ አሲድ ሊኖር ይችላል፣ ያው አሲድ ማለት ነው፣ የመጣበት መንገድ ነው የተለየው። በእርሾ ፈንታ በራሱ በተብላላ ሊጥ የተጋገረ ዳቦም ውስጡ ላክቲክና አሴቲክ አሲድ ስላለ ሻጋታ ይዘገይበታል፣ ኦርጋኒክ ሆነም አልሆነም።

ለሁለተኛው ጥያቄ የኔ ምክር ራሳችሁ ጋግሩ ነው። አራት ትንንሽ ዳቦ፦ ኦርጋኒክ ዱቄት ብቻውን፣ ኖርማል ዱቄት ብቻውን፣ ኦርጋኒክ ዱቄት ከኮምጣጤ ጋር፣ ኖርማል ዱቄት ከኮምጣጤ ጋር። የዱቄቱ ዓይነት አንድ ይሁን (ሁለቱም ነጭ ወይም ሁለቱም ሙሉ ስንዴ)፣ ውሃው፣ ጨውና እርሾው በግራም እኩል፣ ኮምጣጤው ለ500 ግራም ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር፣ ኮምጣጤ ለማይገባባቸው ደግሞ 15 ሚሊ ውሃ ጨምሩበት እንዳይደርቁ። በአንድ ምድጃ፣ በአንድ ሙቀት፣ ለእኩል ደቂቃ። ይሄን ስትሠሩ ዱቄቱ የሚያመጣው ልዩነት ይበልጣል ወይስ አሲዱ የሚያመጣው የሚለውን ጎን ለጎን ታዩታላችሁ። እኔ የምወራረደው በአሲዱ ነው፣ ስፖሩ ምድጃ ውስጥ ካለቀ ዱቄቱ ብዙ የሚለው ነገር የሚኖር አይመስለኝም፣ ግን ሞክሩት እንጂ እኔን አትመኑ።

ደረጃ 2፦ ቀኑን አስተካክሉ

ከመደብር የምትገዙ ከሆነ የተጋገረበትን ቀን ፈልጉ፣ «እስከዚህ ቀን ተጠቀሙ» የሚለው አይጠቅማችሁም፣ ምክንያቱም ማቆያ ያለው ዳቦ ከመጀመሪያው ረዘም ያለ ቀን ነው የሚሰጠው። የተጋገረበትን ቀን ማግኘት ካልቻላችሁ በዛ ዳቦ አትሞክሩ። ትኩስ ዳቦ ደግሞ በጭራሽ ላስቲክ ውስጥ እንዳትከቱ፣ ይቀዝቅዝ፣ አለበለዚያ እንፋሎቱ ጠብታ ሆኖ ሙከራውን ያበላሸዋል።

ደረጃ 3፦ ቁረጡ

እጅ ታጠቡ፣ ጓንት አድርጉ፣ ቢላውንና መክተፊያውን በአልኮል ጥረጉና ይድረቅ። ቅርፊቱን አውጡት፣ ከመሀሉ 5 በ 5 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትር ተኩል የሆነ ቁራጭ አዘጋጁ። 5 በ 5 ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፣ ፊቱ 25 ካሬ ስለሚሆን በኋላ አንዱ ካሬ 4 ፐርሰንት ነው፣ ሂሳቡ ይቀላል። ሚዛን ካላችሁ መዝኑና ጻፉት። ከአንዱ ዳቦ ወደ ሌላው ስትሄዱ ቢላውን ድጋሚ በአልኮል ጥረጉ፣ ይሄ የሚረሳ ነገር ነው።

ስንት ቁራጭ? ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ 5። ምክንያቱን ላስረዳ፦ ሁለቱ ዳቦዎች ምንም ልዩነት የላቸውም እንበል። ከሁለቱም አንድ አንድ ብቻ ከወሰዳችሁ አንዱ የግድ ይቀድማል፣ ኦርጋኒኩ የመቅደም ዕድሉ ግማሽ ነው፣ ሳንቲም መወርወር ማለት ነው። ሦስት ሦስት ከወሰዳችሁ ሦስቱም ኦርጋኒክ ከሦስቱም ኖርማል የመቅደም ዕድላቸው በአጋጣሚ ከ20 አንድ ነው። አምስት አምስት ሲሆን ግን ከ252 አንድ ይሆናል። ሁለት ቁራጭ ሲጨመር ከ20 ወደ 252፣ ለአራት ላስቲክ ብላችሁ ይሄን አትተዉት። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ አምስቱም ቁራጭ ከአንድ ዳቦ ከመጣ ያወቃችሁት ስለዛ ዳቦ ብቻ ነው፣ ከተቻለ ከሁለት ሦስት ዳቦ አሰባጥሩ።

ደረጃ 4፦ ሁሉም እኩል ስፖር ያግኝ

ቁራጮቹን በሙሉ አንድ ትሪ ላይ ደባልቁና ደርድሩ (ኦርጋኒኩን በአንድ በኩል ኖርማሉን በሌላ በኩል አታድርጉ)፣ ክፍሉ ውስጥ 30 ደቂቃ ክፍት ተዉት፣ በየ10 ደቂቃው ትሪውን አዙሩት። የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዳይጠፋባችሁ ከስሩ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አድርጉ። ከዛ ላስቲክ ውስጥ ስትከቱ ወደ ላይ የነበረው ፊት ወደ ላይ እንደሆነ ይቆይ።

ውሃ ርጩበት የሚሉ መመሪያዎች አሉ፣ እኔ አልወደውም። እኩል መርጨት ከባድ ነው፣ አንዱ ጋ ውሃ ከተጠራቀመ ደግሞ ሻጋታ ሳይሆን ባክቴሪያ ታሳድጋላችሁ፣ ዳቦ በራሱ በቂ ውሃ አለው።

ደረጃ 5፦ ዝጉ፣ ቁጥር ስጡ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ከራሳችሁ ደብቁ

በአንድ ላስቲክ አንድ ቁራጭ። ውስጡ ያለው አየር እኩል ይሁን፣ አንዱን ጨምቃችሁ አንዱን ነፍታችሁ አትዝጉ። ዚፑ ላይ ፕላስተር ለጥፉበት።

አሁን ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ጥሩ፣ ላስቲኮቹ ላይ ከ1 ጀምሮ እንደፈለገ አዘባርቆ ቁጥር ይጻፍ፣ የትኛው ቁጥር የቱ እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፎ ይደብቅ። ቀልድ ይመስላል አይደል? አይደለም። «ኦርጋኒክ ነው የሚሻግተው» ብላችሁ ካመናችሁ ኦርጋኒኩ ላይ የዱቄት ብናኝ ሻጋታ ይመስላችኋል፣ ኖርማሉ ላይ እውነተኛውን ነጥብ ታልፉታላችሁ፣ እኔ ላይ ደርሷል።

ሁለት ተጨማሪ ላስቲክ አዘጋጁ። አንዱ ውስጥ በደንብ ጠብሳችሁ ያደረቃችሁት ቁራጭ ይግባ፣ እሱ መሻገት የለበትም፣ ከሻገተ የሆነ ቦታ እርጥበት እየገባ ነው። ሌላው ውስጥ ማቆያ እንደሌለው በእርግጠኝነት የምታውቁት ዳቦ ይሁን፣ እሱ ካልሻገተ ቤቱ ቀዝቅዟል ማለት ነውና ሌላውም ባለመሻገቱ አትደሰቱ።

ደረጃ 6፦ አስቀምጡ

ካርቶን ሳጥን ውስጥ፣ ፀሐይ የማይደርስበት፣ ከምድጃና ከፍሪጅ ጀርባ የራቀ ቦታ። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ጥሩ ነው፣ ቴርሞሜትሩን ሳጥኑ ውስጥ አድርጉት። ላስቲኮቹን አትደራርቡ፣ በየቀኑ ቦታቸውን አቀያይሩ። ፍሪጅ ውስጥም መሞከር ይቻላል፣ ግን 4 ዲግሪ ላይ ሻጋታ ይዘገያል እንጂ አይቆምም፣ ትዕግስት ይጠይቃል።

ደረጃ 7፦ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እዩ

ላስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጉ፣ ከላይ በእኩል ርቀት ፎቶ አንሱ። ከዛ ካሬ የተሰመረበትን ፕላስቲክ ላዩ ላይ አድርጉና ሻጋታ የነካው ካሬ ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። የምትጽፉት አራት ነገር ነው፦ ቀኑ፣ የላስቲኩ ቁጥር፣ የካሬ ብዛት፣ ቀለሙ።

«ሻገተ» የምትሉት መቼ ነው የሚለውን ግን ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ። እኔ የምጠቀመው 1 ሚሊ ሜትርና ከዛ በላይ የሆነ ነጥብ፣ በነጋታውም እዛው ካለና ካደገ፣ የመጀመሪያው ቀን ይቆጠራል። ዱቄት አያድግም። ሻጋታ ሲጀምር ነጭ ጥጥ ነገር ነው፣ ቀለሙ የሚመጣው በኋላ ስፖር ሲሠራ ነው። ሰማያዊ አረንጓዴ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፔኒሲሊየም ነው፣ ረጅም ፀጉር መሰል ነገር ላይ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ካለው ራይዞፐስ ሊሆን ይችላል፣ ግን በቀለም ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ራይዞፐስ ከመጣ ፈጣን ነው፣ ዛሬ ትንሽ ያያችሁት ከነገ ወዲያ ላስቲኩን ሊሞላው ይችላል፣ ስለዚ ቀን አትዝለሉ።

በ14ኛው ቀን አቁሙ።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን አንብቡ

የተደበቀውን ወረቀት አሁን አውጡ። ለእያንዳንዱ ዓይነት ቁራጮቹ የሻገቱበትን ቀን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና የመሀለኛውን ውሰዱ። አማካይ አታውጡ፣ ምክንያቱም እስከ 14 ቀን ያልሻገተ ካለ ቀኑ ስንት ነው ልትሉት ነው? የመሀለኛው ግን አይቸገርም። ለምሳሌ (ቁጥሩ ለማሳየት ነው እንጂ የኔ ውጤት አይደለም) ኦርጋኒኩ 4፣ 5፣ 5፣ 6፣ 8 ከሆነ የመሀሉ 5 ነው፣ ኖርማሉ 7፣ 9፣ 10፣ «አልሻገተም»፣ «አልሻገተም» ከሆነ የመሀሉ 10 ነው። ይሄ ልዩነት ግልጽ ነው። ኦርጋኒኩ 4፣ 6፣ 7፣ 7፣ 9 ሆኖ ኖርማሉ 5፣ 6፣ 6፣ 8፣ 9 ከሆነ ግን ተደባልቀዋል፣ «ልዩነት አላየሁም» ብላችሁ ጻፉ።

ልዩነት ካገኛችሁ ወደ ንጥረ ነገር ዝርዝሩ ተመለሱ። አንዱ ማቆያ ኖሮት ሌላው ከሌለው ውጤታችሁ የማቆያውን ሥራ ነው ያሳየው፣ ስለ እርሻው ምንም አላለም። እና «ሻጋታ ካልበላው ለሰውም አይሆንም» የሚባለው ወሬ ከዚህ አይወጣም፣ ፕሮፒዮኒክ አሲድ የስዊስ አይብ ውስጥም ባክቴሪያ በተፈጥሮ የሚሠራው ነው። በተቃራኒው ደግሞ ቶሎ ያልሻገተ ምግብ ንፁህ ነው ማለትም አይደለም፣ ሆድ የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች በዓይን አይታዩም።

በፍራፍሬ መሥራት ለሚፈልግ

ይቻላል፣ ግን ከዳቦ ይከብዳል። እንጆሪ ላይ የሚመጣው ግራጫ ሻጋታ ቦትራይቲስ ይባላል፣ ብዙ ጊዜ እርሻው ላይ አበባ እያለ ገብቶ ፍሬው እስኪበስል ተደብቆ ይቆያል፣ ስለዚ ትሪ ላይ 30 ደቂቃ አስቀምጣችሁ እኩል ስፖር ሰጠሁ ማለት አይሠራም፣ ፍሬው ይዞት ነው የመጣው። ፍሪጅም ብዙ አይፈራም፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ እንኳን ያድጋል። የብስለቱ መጠን፣ የተቆረጠበት ቀን፣ ትንሽ መጨፍለቁ ሁሉ ውጤቱን ይቀይረዋል፣ ከእያንዳንዱ 5 ሳይሆን ከ15 እስከ 20 ፍሬ ያስፈልጋችኋል፣ የተጨፈለቀውን አስቀድማችሁ አውጡ፣ አታጥቧቸው ወይም ሁሉንም እኩል አጥባችሁ አድርቁ።

ብርቱካን ይሻላል። አረንጓዴው ሻጋታ (ፔኒሲሊየም ዲጂታተም) የሚገባው በቁስል በኩል ስለሆነ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ሁሉንም ፍሬ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አንድ ቦታ ላይ ወጉና ቁስሉን ተከታተሉ። ኖርማል ብርቱካን ከተለቀመ በኋላ ኢማዛሊል ወይም ታያቤንዳዞል የሚባል ፀረ ፈንገስ ከሰም ጋር ሊቀባ ይችላል፣ ለኦርጋኒክ ይሄ አይፈቀድም፣ ስለዚ እዚ ልዩነት ቢታይ አልገረምም። ግን ኦርጋኒክ ማለት ምንም አልተረጨበትም ማለት እንዳይመስላችሁ፣ እርሻው ላይ እንደ ድኝና መዳብ ያሉ ፀረ ፈንገሶች ይፈቀዳሉ።

ሲያልቅ

ላስቲኮቹን ሳትከፍቱ ሌላ ትልቅ ላስቲክ ውስጥ ከትታችሁ አስሩና ውጪ ያለ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉ፣ ቤት ውስጥ ባለው ቅርጫት አታሳድሩት። አንዱ ላስቲክ ከተቀደደ ማስክ አድርጋችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ አንሱት፣ አትጥረጉት ስፖሩ ይበተናል። ከሙከራው የተረፈውን ዳቦ ቼክ አድርጉ፣ አንድ ቦታ የሻገተ ካለ «ያን ቆርጬ ሌላውን እበላለሁ» አይሠራም፣ ዳቦ ለስላሳ ስለሆነ የሻጋታው ክር ከሚታየው አልፎ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ትሪውን፣ መክተፊያውንና ቢላውን በሳሙና እጠቡ፣ ጠረጴዛውን በውሃ በቀጠነ በረኪና ጥረጉ። ኮምጣጤ የገባበትን ዳቦ የጋገራችሁ ደግሞ ኮምጣጤውን መጀመሪያ ከአካባቢው አንሱት፣ በረኪናና ኮምጣጤ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። አልኮሉንም እንደዛው፣ ከበረኪና ጋር አንድ ጨርቅ ላይ አታድርጉት። ፎቶዎቹን በቀን በቀን ፎልደር ከፍላችሁ አስቀምጡ፣ ሁለተኛውን ዙር ሌላ ወር ላይ ስትደግሙት ቤቱ ሞቆ ወይም ቀዝቅዞ ይሆናል፣ የቴርሞሜትሩን ቁጥር ያልጻፈ ሰው ያኔ ነው የሚቸገረው።